መጥሪያ ሲመጣ «የለም» ማለት ይቅር



ሰሞኑን በየቡናው ላይ የሚወራውን ሁላችንም ሰምተናል። ከመካከላችን አንድ የፍርድ ቤት ሠራተኛ የሰባት ወር ኪራይ አልከፈለም ተብሎ በአንዲት ባልቴት እናታችን ተከሶ ነበር። መጥሪያው ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ «የለም» ተባለ። በመጨረሻ በሩ ላይ ተለጠፈ፤ በማግሥቱ ተቀዶ ተገኘ። በሌለበት ሲፈረድበት «መጥሪያ አልደረሰኝም» ብሎ ምሎ አመለከተ። አሁን ደግሞ በሐሰት ምሏል ተብሎ ተከሷል።

እኛ ፈራጅ አይደለንም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል። ስለዚህ ልጆቹን በመንገድ ላይ መሳደብ ነውር ነውና ይቁም።

ዳሩ ግን መጥሪያ ቅጣት አይደለም፤ «ና፣ ያንተንም ቃል እንስማ» ማለት ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መጥሪያ በደንብ ያልደረሰው ሰው፣ በሌለበት የተሰጠው ፍርድ እንዲነሣለት ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ይህ በር የተከፈተው በእውነት ላልሰማ ሰው ነው። ውሸት ከገባበት ነገ እውነተኛውን ድሃ ማን ያምነዋል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ለፍርድ ቤት ሐሰት የሚናገረውን ይቀጣል። ክሱ እውነት ሆኖ ከተገኘማ፣ ሕጉን ከሚያውቅ ሰው ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባል የለ?

ጥፋቱ ግን የእኛም ነው። ወረቀቱ ሲቀደድ አይተን «ምን አገባን» ብለን ያለፍን አለን። ጽሕፈት ቤታችንም ቢሆን መጥሪያ አድራሹ እማኝ ፈልጎ ሲመጣ «ነገ ና» ብለን መልሰነዋል። ይህን ሳንደብቅ እናምናለን። ሰውየው ፍርድ ቤት ስለሚሠራ «መዝገባችን ይጠፋብናል» ብላችሁ የፈራችሁ እንዳላችሁም እናውቃለን።

እንግዲህ አደራ የምንለው ይህን ነው። ያየ ያየውን ለችሎት ይመስክር፤ ያላየ አንዲት ቃል አይጨምር። የተለጠፈ መጥሪያ ማንም አይንካ። መጥሪያ አድራሽ ሲመጣ ቤቱን አሳዩት። ብቻዬን መሄድ እፈራለሁ ለሚል ከኮሚቴው ሁለት ሰው አብሮት ይሄዳል።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲባሉ ባሉበት ይቆሙ የነበረው ዘበኛ ፈርተው አልነበረም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት