በፊርማ የተከፈተ በር በፊርማ ሲዘጋ፦ የአሜሪካው የወጣት ሥራ አመራሮች ፌሎሺፕ ምን ያስተምራል?

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የፌደራል መንግሥቱን ቢሮክራሲ ለመቀነስ ያለመ ትዕዛዝ ፈረሙ። ትዕዛዙ ከዘረዘራቸው ጉዳዮች መካከል አንዱ በጥቂት መስመሮች የተገለጸ ነበር፤ ከ47 ዓመታት በላይ የዘለቀው የፕሬዚዳንታዊ የሥራ አመራር ፌሎሺፕ በአፋጣኝ እንዲቋረጥ የሚያዝ ነው።

ዜናው በዚያ ሰሞን ከወጡት በርካታ ውሳኔዎች ጋር ሲነጻጸር ብዙም ትኩረት አልሳበም። ይሁንና ጉዳዩ ከአሜሪካም አልፎ ማንኛውንም አገር የሚመለከት ጥያቄ አለው። መንግሥት ነገ መሥሪያ ቤቶቹን የሚመሩ ወጣቶችን እንዴት ይመርጣል? ለመረጣቸውስ የገባላቸው ቃል በምን ላይ የቆመ ነው?

የመርሐ ግብሩ አነሳስ

መርሐ ግብሩን የመሠረቱት ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ናቸው። ነሐሴ 19 ቀን 1969 ዓ.ም. በፈረሙት ትዕዛዝ በከፍተኛ ትምህርት ልቀው የወጡ ወጣቶች ለፌደራል መንግሥት የሥራ አመራርነት ተመልምለው እንዲሠለጥኑ ወሰኑ። መነሻው ቀላል ችግር ነበር። የመንግሥት ክፍት የሥራ መደብ ብዙውን ጊዜ ልምድ ይጠይቃል፤ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣ ወጣት ደግሞ ልምድ የለውም። ልምድ የሚገኘው በመቀጠር ነው፤ ለመቀጠር ደግሞ ልምድ ያስፈልጋል። ይህ አዙሪት በአገራችንም በየወረዳውና በየከተማው የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ለሚቆም ምሩቅ እንግዳ አይደለም።

በመጀመሪያው ምልምል ውስጥ ከነበሩት መካከል ኋላ የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም፣ ናሳ፣ ዋና አስተዳዳሪ ለመሆን የበቁት ሾን ኦኪፍ ይገኙበታል። በ1996 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ መርሐ ግብሩን እስከ መጨረሻው በሚጠራበት ስሙ ሰየሙት። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ከተመረቁ ሁለት ዓመት ያላለፋቸው ጭምር እንዲወዳደሩ በሩን አሰፉት። አራቱም እርምጃዎች፣ ማለትም ምሥረታው፣ ስያሜው፣ ማስፋፊያውና መዝጊያው፣ የተፈጸሙት በፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ መሆኑን ልብ ይሏል።

ደረጃ በደረጃ የሚጠብ መንገድ

ለፌሎሺፑ የሚያመለክት ሰው ማስተርስ፣ የሕግ ወይም የዶክትሬት ዲግሪ ያለው፣ አሊያም ሊያጠናቅቅ የተቃረበ መሆን ነበረበት። ማመልከቻ የሚቀበለው የፌደራሉ የሰው ኃይል አስተዳደር ቢሮ ነው። ምዝገባው በዓመት አንድ ጊዜ ለአጭር ጊዜ ይከፈታል። አመልካቹ የትምህርት ማስረጃውንና የሥራ ታሪኩን ያስገባል፤ ችግር የመፍታት፣ የመግባባትና ሰውን የመምራት ብቃቱም በምዘና ይፈተሻል። በየዓመቱ ከሚያመለክቱት ሺዎች የመጨረሻውን ዙር የሚያልፉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ብቻ ነበሩ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻውን ዙር ማለፍ ሥራ ማግኘት ማለት አልነበረም። ያለፈው ተወዳዳሪ በ12 ወራት ውስጥ የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ራሱ ፈልጎ ማግኘት ይጠበቅበታል። በየመሥሪያ ቤቱ እንደገና ያመለክታል፤ እንደገና ቃለ መጠይቅ ይቀመጣል። ቀነ ገደቡ ካለፈበት ማለፉ ብቻውን አይጠቅመውም። ምርጫውን አልፈው ምደባ ሳያገኙ የቀሩ ነበሩና፣ መርሐ ግብሩ ከቀድሞም ጀምሮ ከሚተችባቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነው።

ምደባ ያገኘው ፌሎ የሁለት ዓመት ቆይታ ይጠብቀዋል። በዚህ ጊዜ ቢያንስ 160 ሰዓት መደበኛ ሥልጠና ይወስዳል፤ ከአራት እስከ ስድስት ወር ከተለመደው ሥራው ወጣ ብሎ ሌላ ኃላፊነት ይሞክራል፤ የሚያማክረው ልምድ ያለው ሰው ይመደብለታል። ደመወዙም የሙሉ ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ሁለቱን ዓመት በብቃት ካጠናቀቀ ያለ አዲስ ውድድር በቋሚነት ሊመደብ ይችላል። እዚህ ላይ የአሜሪካ ዜግነት ግዴታ ነው፤ ልጆቻቸው በአሜሪካ የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ስለ ፌደራል ሥራ ሲያስቡ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነጥብ ነው።

ግብርናው የት ላይ ነው?

ስለ ፌደራል ሥራ አመራር ሲነገር ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡ ሰዎች ብቻ ሊታሰቡ ይችላሉ። ነገር ግን ከፌደራል መሥሪያ ቤቶች መካከል በ1854 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ዘመን የተቋቋመው ግብርና ሚኒስቴር አንዱ ነው። ሚኒስቴሩ የአርሶ አደር ብድርን፣ የሰብል መድንን፣ የአፈርና ውኃ ጥበቃን እንዲሁም የመንግሥት ደኖችን ይመራል። ከእኛ ወረዳ ጋር በሚቀራረበው የአስተዳደር እርከን፣ በካውንቲ ደረጃ፣ ከሁለት ሺህ በላይ ጽሕፈት ቤቶች አሉት።

እንዲህ ባለ ተቋም ውስጥ ጥሩ ሥራ አመራር መኖሩና አለመኖሩ የሚታወቀው ማሳ ላይ ነው። የብድር ማመልከቻ በጊዜው ካልታየ የዘር ወቅት ያልፋል። የአፈር ጥበቃ ሥራ የጀመረው ባለሙያ ከተነሣ የሚተካው ሰው መሬቱንም ገበሬውንም እንደ አዲስ ይተዋወቃል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በተቀያየረ ቁጥር ክትትሉ ሲቋረጥ ያየ የአገራችን አርሶ አደር ይህንን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር የተከሰተውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በሙከራ ጊዜ ላይ ያሉ ሠራተኞችን በብዛት ማሰናበት ሲጀምር ግብርና ሚኒስቴርም በሺዎች የሚቆጠሩትን አሰናበተ። የካቲት 26 ቀን የፌደራል ሠራተኞችን አቤቱታ የሚመለከተው ቦርድ ወደ ስድስት ሺህ የሚጠጉት ለ45 ቀናት ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ አዘዘ። የፌሎዎች ሁለት ዓመት እንደ ሙከራ ጊዜ የሚቆጠር በመሆኑ እነርሱም በስንብቱ ተጋላጭ ከሆኑት መካከል ነበሩ። ለወደፊት መሪነት የተመረጠው ወጣት ለስንብት ቅርብ ከሆኑት ተርታ ተሰለፈ ማለት ነው።

የሁለቱ ወገኖች ክርክር

ትዕዛዙ የቀረበበት ምክንያት የመንግሥትን ስፋትና ብክነት መቀነስ ነው። ይህ አስተሳሰብ በአሜሪካ ብዙ ደጋፊ አለው። አንድ መንግሥት የቅጥር መንገዶቹን መርምሮ ውጤት የማያመጣውን የመዝጋት መብት እንዳለውም አያከራክርም። የማስተርስ ዲግሪን ቅድመ ሁኔታ ያደረገ መንገድ በሥራ ላይ የተፈተነውን ነገር ግን ዲግሪ የሌለውን ሰው ውጭ ያስቀራል የሚል ቅሬታም መሠረት አለው።

ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው የሚያነሡት ጥያቄ ስለ ተተኪ ነው። በዕድሜ የገፉ ሠራተኞች ጡረታ ሲወጡ ልምዳቸውን የሚረከብ ሠልጣኝ ከሥር ከሌለ የሚቆጠበው ገንዘብ ነገ በሌላ ወጪ ይመለሳል። ዛሬ ዘሩን ሸጦ የሚያድር ገበሬ ለጊዜው ብር ይይዛል፤ በሐምሌ ግን ማሳው ጦም ያድራል።

ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ከፊል እውነት አለው። ከሁለቱ ክርክር በላይ የሚከብደው ግን መርሐ ግብሩ የተዘጋበት መንገድ ነው። ማመልከቻ ያስገቡ፣ ምደባ የሚጠባበቁና ሁለቱን ዓመት ያጋመሱ ወጣቶች በአንድ ፊርማ መንገዳቸው ተቋረጠ። የሕግ አውጪው ምክር ቤት አልመከረበትም፤ መምከርም አላስፈለገውም። መርሐ ግብሩን የፈጠረው ፊርማ ነበርና ፊርማ አፈረሰው።

ትዕዛዝና ሕግ

የአሜሪካ ታሪክ ራሱ ለዚህ ንጽጽር ይሰጣል። በ1873 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ሹመት ይገባኛል ባለና ባልተሳካለት ሰው ተተኮሰባቸው፤ ከወራት በኋላም ሕይወታቸው አለፈ። ሹመት ለደጋፊ የሚታደልበት አሠራር ያስከተለው ቁጣ በ1875 ዓ.ም. ፔንድልተን የተሰኘውን ሕግ ወለደ። የመንግሥት ሥራ በፈተናና በብቃት እንዲሰጥ የደነገገው ይህ ሕግ የቆመው በምክር ቤት ድምፅ ነው። መርሑም በየጊዜው ቢፈተንም ከ140 ዓመታት በላይ ዘልቋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ የሰላም ጓድን በየካቲት 1953 ዓ.ም. የመሠረቱት በትዕዛዝ ነበር። ነገር ግን በወራት ውስጥ፣ በመስከረም 1954 ዓ.ም.፣ ምክር ቤቱ ሕግ አወጣለት። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ከ270 በላይ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀመሩ። ያ ተቋም በርካታ ፕሬዚዳንቶች ተፈራርቀውበት አሁንም አለ።

ሕግ ግን ሁሉን ይጠብቃል ማለትም አይቻልም። የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ተራድኦ ድርጅት በ1991 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ራሱን የቻለ ተቋም ሆኖ ተደንግጎ ነበር። ይህም ሆኖ በ2017 ዓ.ም. ፈርሶ፣ ከሰኔ 24 ቀን ጀምሮ የውጭ እርዳታ ሥራውን አቁሟል። ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የዚህ እርዳታ ዋነኛ ተቀባይ ከነበሩት አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሕግ አጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ማንም እንዳይዘለው ግን ማድረግ አይችልም። ልዩነቱ በሕግ የቆመውን ለማፍረስ የሚነሣ ወገን ሙግት የሚገጥመው መሆኑ ነው፤ በፊርማ የቆመው ግን የሚከራከርለት አንቀጽ እንኳን የለውም።

ለእኛ የሚተርፈው

በኢትዮጵያ የፌደራል መንግሥት ሠራተኞች ቅጥርና ስንብት የሚገዛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያጸድቀው አዋጅ ነው። ክልሎችም የየራሳቸው አዋጅ አላቸው። በዚህ መሠረት ላይ ግን በየጊዜው ልዩ ልዩ የወጣቶች ሥልጠና፣ የአመራር ማብቂያና የሥራ ልምምድ መርሐ ግብሮች ይታወጃሉ፤ በፕሮጀክት ገንዘብ የሚሠሩም አሉ። የዲፕሎማና የዲግሪ ምሩቃን በብዛት ያመለክታሉ፤ ቤተሰብም ከእህል ሽያጭ ላይ ቀንሶ የመጓጓዣና የቤት ኪራይ ይሸፍናል።

የአሜሪካው ገጠመኝ ለእነዚህ ቤተሰቦች ሦስት ጥያቄዎችን ያስታጥቃል። አንደኛ፣ መርሐ ግብሩ የቆመው በአዋጅና በደንብ ነው ወይስ በአንድ ኃላፊ ደብዳቤ ወይም በፕሮጀክት ዘመን? ሁለተኛ፣ ውድድሩን ማለፍ ምደባ ያስገኛል ወይስ ሌላ ፍለጋ ይጀመራል? ሦስተኛ፣ የሥልጠናው ጊዜ ሲያበቃ ወይም በመሐል ቢቋረጥ ሠልጣኙ ምን መብት አለው? መልሱ በማስታወቂያው ላይ ካልተጻፈ አመልካቹ ከመመዝገቡ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል።

መርሐ ግብር የሚቀርጹ መሥሪያ ቤቶችም ከዚሁ የሚወስዱት አላቸው። የአሜሪካው ፌሎሺፕ ምዘናው የታሰበበት፣ ሥልጠናው የተለካ፣ አማካሪው የታወቀ ነበር፤ ይህ ሊቀዳ የሚገባው መልካም አሠራር ነው። የጎደለው መርሐ ግብሩ ቢዘጋ እንኳን የጀመሩት የሚጨርሱበት የሽግግር ዋስትና ነበር። በሩን መዝጋት የመንግሥት ሥልጣን ቢሆንም፣ ተጠርተው ደፉን ያለፉት ወጣቶች ዕጣ አስቀድሞ በጽሑፍ መስፈር አለበት።