«ብርቅዬ» የሚለው ቃል በኮራል ገበያ ስንት ያወጣል?

በአሜሪካና በአውሮፓ የቤት አኳሪየም ገበያ «ብርቅዬ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ለስላሳ ኮራል ከመሰሎቹ በብዙ እጥፍ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው ዕቃው ጥቂት መሆኑን አምኖ ነው። ይሁን እንጂ ጥቂት መሆኑን ማን ቆጠረው ተብሎ ቢጠየቅ ሻጩም ደላላውም መልስ የላቸውም።

ኮራል ድንጋይ ወይም ተክል ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። ድንጋያማው ዓይነት ጠንካራ የኖራ አጽም ይሠራል፤ ለስላሳው ግን በሥጋው ውስጥ ከተበተኑ ደቃቅ የኖራ ቅንጣቶች በስተቀር ይህ ነው የሚባል አጽም የለውም። ልዩነቱ ለንግዱ ቀላል አይደለም። ድንጋያማዎቹ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት (ሳይትስ) ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኙ ድንበር ሲሻገሩ ፈቃድ ይጠየቅባቸዋል፣ ቁጥራቸውም ይመዘገባል። ለስላሳዎቹ አብዛኛዎቹ ከዝርዝሩ ውጪ ናቸው። በመሆኑም «ብርቅዬ» ከሚለው ወረቀት ጀርባ የሚገለጥ መዝገብ የለም።

ስሙም ቢሆን ከዓይን ግምት የማያልፍ ነው። እንጉዳይ መሳዩ ሳርኮፊተንና ጣታሙ ሲኑላሪያ በርካታ ዝርያዎች አሏቸው። እነዚህን ለመለየት ባለሙያው ቁራጭ ሥጋ በበረኪና ዘፍዝፎ፣ ሥጋው ሲሟሟ የሚቀሩትን የኖራ ቅንጣቶች በማይክሮስኮፕ ያያል። ፋብሪሲየስና አልደርስሌድ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት የታወቀ መለያ መጽሐፍ እንኳ ወገኑን ለይቶ ያቆማል እንጂ ሁሉንም ዝርያ ልለይ አይልም። መጽሐፉ ያልደፈረውን ሱቁ በመለጠፊያ ወረቀት ሲደፍረው ገዢው ሊጠረጥር ይገባል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን «ብርቅ» የተባለው ዕቃ መባዛቱ ነው። ወርቅ ለሁለት ቢቆረጥ ያው ወርቅ ነው፤ ሳርኮፊተን በምላጭ ቢቆረጥ ግን ቁራጩ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ሌላ ኮራል ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ሻጭ የመጀመሪያዎቹን ቁራጮች በውድ ሸጦ ዞር ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ የትናንት ገዢዎች ሁሉ ሻጮች ሆነው ገበያ ላይ ይገናኛሉ። እንደሚያጨበጭብ እጅ የሚከፈተውና የሚዘጋው ዜንያ በተስማማው ገንዳ ውስጥ እንደ አረም ስለሚሰራጭ፣ ባለቤቱ እየነቀለ በነፃ የሚያድልበት ጊዜ አለ። ኮራልን እንደ ቦታ ይዞ ዋጋው እስኪወጣ የሚጠብቅ ባለሀብት ስሌቱ ከሥሩ የተበላሸ ነው።

አንዳንዴ ዋጋውን የሚያንረው የተዘጋ በር ነው። ፊጂ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የኮራል ወጪ ንግድን አገደች፤ ኢንዶኔዥያም በ2018 አቋርጣ በ2020 መልሳ ከፈተች። በር ሲዘጋ የተገዛ ዕቃ በር ሲከፈት ምን እንደሚያወጣ ለመርካቶ ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም።

ማጭበርበሩም አለ። ቢጫው የፊጂ ሳርኮፊተን ተፈላጊ በመሆኑ ተራውን ኮራል ቀለም ነክሮ መሸጥ በዚህ ንግድ ውስጥ ታይቷል። ቅቤን በሙዝ ከሚያበዛው አይለይም፤ የተነከረው ኮራል ደግሞ ብዙ አይሰነብትም። ከዚህ ቀለል ያለው ዘዴ የሱቁ ሰማያዊ መብራት ነው። በሰማያዊ ብርሃን ሥር የማያበራ አረንጓዴ ጥቂት ስለሆነ፣ ገዢው ነጭ መብራት ይበራልኝ ማለት አለበት።

በአንጻሩ ለሚያውቅ ሰው ርካሽ ግዢም ይገኛል። ሳርኮፊተን አልፎ አልፎ ጣቶቹን ሰብስቦ ሰም በሚመስል ስስ ሽፋን ይሸፈናል። ጀማሪው ሞቷል ብሎ ያልፈዋል፤ እሱ ግን ቆዳውን እየቀየረ ሲሆን ከቀናት በኋላ ተመልሶ ይከፈታል። መታየት ያለበት ግርጌው ነው። ግርጌው ጠቁሮ ከላላ ወይም ከሸተተ ግን በምንም ዋጋ አይገዛም።

በዓይን ከሁሉ የሚያምረው ዴንድሮኔፍቲያ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ግዢ ነው። ቀይና ሐምራዊ መልኩ ገዢ ይጠራል። ነገር ግን እንደ ሌሎቹ በብርሃን የሚመግበው አልጌ በሥጋው ውስጥ ስለሌለ ደቃቅ ምግብ ያለማቋረጥ ሊፈስለት ይገባል፤ በተራ የቤት ገንዳ ቀስ በቀስ በረሃብ ይከስማል። ይህን ሳይናገር የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን እያታለለ ነው።

ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው አንድ ወጥመድ ይቀራል። ቱቢፖራ የተባለው ኮራል ሲከፈት ለስላሳ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው አጽሙ ግን ቀይ ቧንቧ የተደረደረ ይመስላል። ከለስላሳዎቹ ዘመዶቹ ተለይቶ በሳይትስ ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኝ ያለ ፈቃድ ከመጣ ጉምሩክ ላይ ሊወረስ ይችላል።

እንግዲህ ገዢው ስለ ብርቅነቱ ከሚከራከር ቁራጩ በገንዳ ውስጥ ስንት ወር እንደኖረ ይጠይቅ፤ የተቆረጠበትን እናት ኮራልም ልይ ይበል። እናቲቱ ጤነኛ ሆና እዚያው ከታየች ዕቃው ተራም ቢሆን ጥቂት ብር ሊጨመርበት ይገባል። ትናንት ከካርቶን ለወጣና ስሙ ብቻ ለተዋበ ኮራል ግን የተራውን ዋጋ መክፈል እንኳ ይበዛል።