አምስት ጠጠር

ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ፣ የገብሱ ማሳ ዳር፣ ሁለት ከብት ጠባቂ ልጃገረዶች ቅልብልቦሽ ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። ታላቋ ቢበዛ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ታናሿ አንዱን ጠጠር ሽቅብ ወርውራ፣ እሱ ሳይወርድ ከመሬት አንድ አንሥታ መልሳ ትቀልበዋለች። አራቱም እስኪያልቁ አንድ አንድ፤ ከዚያ ሁለት ሁለት። የሦስት ተራ ሲደርስ እጇን ሳትሰነዝር ጠጠሮቹን ትክ ብላ አየቻቸው። የትኞቹን ሦስት አፍሳ የትኛውን ለብቻው እንደምትተው እያሰላች ነበር። ወረወረች፤ አፈሰች። «ነክተሻል! አንዱ ተነቃንቋል» አለች ታላቋ። ተከራከሩ። በመጨረሻ ታናሿ ጥፋቷን አምና ጠጠሮቹን አስረከበች።

አራት በስንት መንገድ እንደሚከፈል ያወቀችው እዚያው ሣር ላይ ነው። ነገ እርሳስ የሚይዙት ጣቶቿም የሚፍታቱት እንዲሁ ነው። ተራ መጠበቅንና መሸነፍን ማን አስተማራት? እረኝነትን ማሞገሴ አይደለም፤ ሁለቱም በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት መሆን ነበረባቸው። ግን ትምህርት ቤት ቢሄዱስ ጠጠሩን ይዘው ይገባሉ ወይ? ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ኦ-ክፍል የገቡ እኩዮቻቸው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ከአንድ እስከ መቶ በዜማ ሲወርዱት ሰምቻለሁ። ከአራት ሦስት ሲነሣ ስንት ይቀራል ሲባሉ ግን ዝም ይላሉ። እኛ ወላጆችም ልጁ ሲጫወት ዋለ ከተባልን ሳይማር የዋለ ይመስለንና መምህሯን እንወቅሳለን።

የጨዋታ ጥቅም ትምህርት ብቻም አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ፣ ጭና ድረስ ሲዘልቅ፣ ተፈናቅለው ደባርቅ የገቡ ልጆች ዱላውን ጠመንጃ አድርገው ሲታኮሱ አይቻለሁ። አዋቂዎች እየተቆጡ ይበትኗቸው ነበር። ያ ቁጣ ዛሬም ይቆጨኛል። ልጅ ያየውን መከራ በቃል ማውጣት ሲያቅተው በጨዋታ ያወጣዋል፤ እኛ ግን ያንኑ ዘጋንበት።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ጨዋታን የልጅ መብት ይለዋል። ይህን መብት ለማክበር በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። የደባርቅና የዳባት የኦ-ክፍል መምህራን ሆይ፣ ነገ ጠዋት ልጆቹን ወደ ግቢ አውጡና እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ጠጠር ይልቀሙ። እናንት ወላጆችም ማታ ልጃችሁን «ምን ጻፍክ?» ከማለታችሁ በፊት ምን እንደተጫወተ ጠይቁት።