ጉም ወይስ ደመና?



በዚህ ሳምንት ስለ ደመና ተማርን። ልጆቹ ሳይንሱን ከመደበኛ ትምህርታቸው ያውቁታል፤ የቸገራቸው ቃሉ ነው። ሰማይ ላይ ያለውንም መሬት ላይ ያለውንም «ደመና» ይሉታል። በሳይንሱ ብዙም አልተሳሳቱም፤ ጉም መሬት የነካ ደመና ነው። አማርኛችን ግን ለይቶ ይጠራዋል።

ሦስት ዓይነት ደመና ለይተናል፦ ከሁሉም በላይ እንደ ላባ የሳሳው ሲረስ፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ የተከመረው ኪዩሙለስ፣ ሰማዩን እንደ ጋቢ የሚያለብሰው ስትራተስ።

ጉምስ? ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬት ሙቀቷን ታጣለች፤ የነካት አየርም ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ብዙ እንፋሎት መያዝ ስለማይችል ትርፉ ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ጉሙ ይገፈፋል።

የጣርማበሩ ጉም አመጣጡ ሌላ ነው። ከቆላው የተነሳ እርጥብ አየር ገደሉን ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን መንገድ ይሸፍነዋል። በዚያ ያለፋችሁ፣ ሾፌሩ በቀን መብራት አብርቶ ሲያዘግም ታስታውሱ ይሆናል። እሱን እኛ ከመጽሐፍ ከምናስተምራቸው እናንተ ብትነግሯቸው ይሻላል።

የሳምንቱ ሥራ፦ ቡና ሲፈላ ከጀበናው አፍ የሚወጣውን ነጭ ነገር አሳዩዋቸው፤ ጉምም እንዲሁ የጠብታ ክምችት ነው። ከዚያ «ጉም መዝገን» ምን ማለት እንደሆነ ጠይቋቸው። መልሳቸውን ቅዳሜ ይዘው ይምጡ።