ሐይቅ ዳር የሚሸጠው ዕረፍት

ሳሪስ አቦ አካባቢ ሃያ ሠላሳ ዓመት የነገደ ሰው ዕድሜው ወደ ስልሳ ሲጠጋ አንድ ወሬ ያበዛል፤ ቤቱን ሸጦ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር አረፍ ማለት። ለምን ቢሾፍቱ ቢሉ መንገዱ በደጁ ያልፋል። የድሮው የደብረ ዘይት አውራ ጎዳና በሳሪስ፣ በቃሊቲ፣ በአቃቂና በዱከም አድርጎ ይወርዳል፤ የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህማ ርቀቱ የሚቆጠረው በደቂቃ ሆኗል። ደላላውም ይህን ስለሚያውቅ ሆራንና ባቦጋያን ሲጠራ ድምፁን ለስለስ ያደርጋል።

ደላላው የማያነሳው ግን መሬቱ እንደማይሸጥ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በከተማው ክልል ውስጥ በሊዝ ከተያዘ የሚገዛው ቤቱና የሊዝ መብቱ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ የፈቀደው ዘመን 99 ዓመት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ «የገበሬ መሬት በርካሽ አለ» የተባለ እንደሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ገበሬው የመጠቀም መብት ስላለው ለተወሰነ ጊዜ ሊያከራይ ይችላል፤ ሊሸጥ ግን አይችልም። በመንደር ውል ገንዘቡን የከፈለ ሰው ሻጩ ወይም ወራሾቹ ቢክዱት ፍርድ ቤት ይዞ የሚቀርበው የሚረባ ወረቀት አይኖረውም።

ከዚህ የሚከብደው የገቢው ሒሳብ ነው። ደመወዝተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ የብዙ ነጋዴ ጡረታ ግን በየወሩ የሚቀበለው ኪራይ ነው። የሳሪሱ ቤት ፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው የኪራይ ክፍል ነው። የሐይቅ ዳሩ ቪላ ደግሞ ለዘበኛና ለአትክልተኛ ያስወጣል እንጂ አያስገባም። የሽያጩን ብር ባንክ አስቀምጦ በወለዱ ለመኖር ያሰበም፣ የምንዛሪው ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ብር የት እንደደረሰ ያስታውስ።

ስለዚህ ሸጦ ከመሄድ አከራይቶ መሄድ ይሻላል። እዚህም ላይ ጥንቃቄ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ኪራዩም እንደልብ አይጨመርም። ሐይቁ በስድስተኛው ወር የሰለቸው ባለቤት ተከራዩን በፈለገበት ቀን አስወጥቶ አይመለስም። የሱቁ ኪራይ ግን በዚህ አዋጅ አይታይም። ከሁሉ በፊት አንድ ክረምት እዚያው ተከራይቶ መክረም ከቪላው ዋጋ አንጻር ኢምንት ወጪ ነው።

ደግሞም ጸጥታ ፈልጎ ለሚሄድ፣ ቢሾፍቱ የአየር ኃይሉ ከተማ ነች፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ለአዲሱ ግዙፍ አውሮፕላን ማረፊያ የመረጠው እዚያው አቅራቢያ ነው። ደላላው ይህን የሚያነሳው ዋጋ ሊጨምርበት ሲፈልግ ብቻ ነው፤ ስለ ድምፁ አይናገርም።