ራዲዮውን የፈታው ልጅ



ባለፈው ሳምንት ስለ ሕፃናት አመጋገብ የጀመርነውን ነገር ለጊዜው አቈይተን ዛሬ ከአንዲት የተከበሩ እመቤት ስለ ደረሰን ደብዳቤ እንነጋገራለን። የእመቤቲቱ ዘበኛ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነ ልጅ አለው። ይህ ልጅ በዕቃ ቤት ተጥሎ የኖረውን አሮጌ ራዲዮ ሳያስፈቅድ አውጥቶ፥ ብሎኑን ሁሉ ፈትቶ፥ ሆድ ዕቃውን በነጠላ ላይ ዘርግቶ ተገኘ። እመቤቲቱም «ልጁን ልቅጣውን? አባቱን ላሰናብትን? ወይስ ዝም ልበል?» ሲሉ ይጠይቁናል። ከደብዳቤው ግርጌ ግን አንድ ነገር ጨምረዋል፤ በማግስቱ ልጁ ራዲዮውን መልሶ ገጥሞ ሲያናግረው አገኙት። ይህ ራዲዮ ከተበላሸ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። እመቤቲቱ ይህን እንደ ትርፍ ወሬ ከግርጌ አኖሩት እንጂ፥ እንደኛ አሳብ የደብዳቤው ራስ መሆን የሚገባው እርሱ ነበር።

ራዲዮ በመፍታት የታወቀ ሌላ ልጅ አለ። አገሩ ኬንያ፥ ወገኑ ማሳይ፥ ስሙ ሪቻርድ ቱሬሬ ይባላል። የአባቱ ቤት በኪተንጌላ፥ ከናይሮቢ የዱር አራዊት መጠበቂያ አጠገብ ነው። በዚያ በኩል አጥር ስለሌለ አንበሶች በሌሊት እየወጡ ከብቶቹን ይበሉ ነበር፤ ጥበቃውም በልጁ ላይ የወደቀ ነው። በመጀመሪያ እሳት አነደደ፤ እሳቱ ግን ለአንበሳው መንገድ አሳየው። ቀጥሎ የሰው ምስል አቆመ፤ አንበሳው አንድ ቀን ቢታለል በሁለተኛው ቀን ነቃበት። አንድ ሌሊት ግን የእጅ ባትሪ ይዞ በበረቱ ዙሪያ ሲዘዋወር አንበሶቹ ሳይመጡ ቀሩ። ልጁም የሚፈሩት የሚንቀሳቀስ ብርሃን መሆኑን ዐወቀ። ከዚህ በኋላ ያረጀ የመኪና ባትሪ፥ የሞተር ብስክሌት ፍሬቻና ከተሰበሩ የእጅ ባትሪዎች የተለቀሙ አምፖሎች አገጣጥሞ፥ ሰው የሚዞር እንዲመስል ብርሃኑ እየበራ እየጠፋ በረቱን እንዲከብ አደረገ። ባትሪውንም ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ በሚያወጣ ሠሌዳ ይሞላዋል። ይህን ሲሠራ ገና ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ስለ ሥራው በናይሮቢ በታወቀ ትምህርት ቤት በነፃ እንዲማር ተደረገ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በአሜሪካ በጉባኤ ፊት ቆሞ ሲናገር፥ የእናቱን አዲስ ራዲዮ በፈታ ጊዜ እናቱ ልትገድለው ጥቂት እንደ ቀራት አጫወታቸው። በእናቲቱ አንፈርድም፤ አዲስ ራዲዮ ነበረና።

ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የማላዊው ዊሊያም ካምክዋምባ ታሪክ ነው። ዛሬ ትልቅ ሰው ስለ ሆኑ «እርሳቸው» ልንላቸው ይገባን ነበር፤ ታሪኩ የልጅነታቸው ስለ ሆነ ግን አንባቢዎች ይቅር እንዲሉን እንለምናለን። ዊሊያም በ1987 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተወልዶ፥ በካሱንጉ አውራጃ በዊምቤ አጠገብ በምትገኝ መንደር አደገ። ወላጆቹ በቆሎና ትንባሆ የሚያርሱ ገበሬዎች፥ ልጆቻቸውም ሰባት ሲሆኑ ከእርሱ በቀር ሁሉም ሴቶች ናቸው። በ2001 ዓ.ም. አዝመራው ጠፍቶ ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ ቤተ ሰቡ በቀን አንድ ጊዜ፥ እርሱንም ማታ ብቻ፥ ለእያንዳንዱ ሦስት ጕርሻ የበቆሎ ገንፎ እየተካፈለ ይበላ ነበር። ልጁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ገና ሲጀምር፥ በዓመት ሰማንያ የአሜሪካ ዶላር የሚሆነውን የትምህርት ቤት ክፍያ አባቱ ስላጡ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሰማንያ ዶላር! ከእኛ መካከል ይህን ያህል ገንዘብ ለአንድ ምሽት ግብዣ ያላወጣ ስንት ይሆን?

በመንደሩ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአሜሪካ በተላኩ መጻሕፍት የተቋቋመች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነበረች። ልጁ ከጓደኞቹ ትምህርት ወደ ኋላ እንዳይቀር ወደዚያ ይመላለስ ጀመር፤ በዚያም ስለ ኃይል የሚናገር አንድ መጽሐፍ አገኘ። በሽፋኑ ላይ በነፋስ የሚዞሩ መኪናዎች ተሥለዋል። እንግሊዝኛው ገና ደካማ ስለ ነበረ ሥዕሉን እያየ ቃሉን ከሥዕሉ ጋራ እያስተያየ ተማረ። ነፋስ ኤሌክትሪክን ሊያወጣ፥ ውኃንም ሊስብ እንደሚችል ባነበበ ጊዜ አሳቡ ወደ መብራቱ ብቻ አልሄደም። ውኃ ከጕድጓድ ከተሳበ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ ሁለት ጊዜ ከተዘራም ያ የሦስት ጕርሻ ራት አይመለስም።

አሠራሩን ጥቂት ዘርዘር እናድርገው፤ በዚህ ዓምድ ስለ ወጥ ቅመም ስንጽፍ ሚዛኑን እንነግራችሁ የለምን? ልጁ ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ የትራክተር ማራገቢያና የመኪናን መንገጫገጭ የሚያበርደውን ብረት ለቀመ። የፕላስቲክ ቧንቧ በእሳት አለስልሶ፥ ዘርግቶ ክንፍ አደረገው። ለብሎኑ ማጥበቂያ ቀለበት ስላጣ የጠርሙስ ቆርኪ ቀጥቅጦ አበጀ። ይህን ሁሉ ከአባቱ ብስክሌት ጋራ አገናኘው፤ ነፋሱ ክንፉን ያዞራል፥ ካቴናው ጎማውን፥ ጎማውም ዲናሞውን ያዞራል። ዲናሞ ማለት መግነጢስና በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ብረት ነው፤ አንዱ በሌላው አጠገብ ሲሽከረከር በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈሳል። ዲናሞውን ገዝቶ የሰጠው ጓደኛው ነበር። ግንቡንም ከባሕር ዛፍ አቆሙት፤ እኛ ለማገዶና ለቤት ማገር የምናውቀው ያው ባሕር ዛፍ ነው። ልጁ ብረት ሲለቅም ሰዎች አብዷል ይሉ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ክንፉ ዞሮ አምፖሉ ሲበራ ግን እነዚያው ሰዎች ስልካቸውን ሊያስሞሉ በደጁ ተሰለፉ።

አሁን ልብ የሚነካው ነገር እዚህ ላይ ነው። መብራቱ የበራው በ2002 ሲሆን፥ ለልጁ የተማረ ሰው የደረሰለት በ2006 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ አራት ዓመታት ግንቡ በሜዳ ላይ ቆሞ፥ ክንፉም እየዞረ ለመንገደኛ ሁሉ ይታይ ነበር። በመጨረሻ ዶክተር ሃርትፎርድ ምቻዚሜ የተባሉ የመምህራን ትምህርት ሹም ነገሩን ሰሙ፥ መጥተውም አዩ። አይተውም አድንቀው ብቻ አልተመለሱም፤ ጋዜጠኞችን አመጡ፥ ልጁም ወደ ትምህርት እንዲመለስ ደጅ ጠኑለት። በ2007 ዓ.ም. በአሩሻ፥ ታንዛኒያ፥ በታላቅ ጉባኤ ላይ ቀረበ፤ ከዚያም በሊሎንግዌና በዮሐንስበርግ ተምሮ በ2014 ዓ.ም. ከአሜሪካው የዳርትመዝ ኮሌጅ ተመረቀ። ለመንደሩም ውኃን የሚስብ መኪና ተክሎ፥ የተማረበትንም ትምህርት ቤት የሚያድስ ማኅበር አቋቋመ። ነገሩ ሁሉ የተመለሰው አንድ ሹም የሰሙትን ችላ ሳይሉ መጥተው በማየታቸው ነው።

የሴራሊዮኑን የኬልቪን ዶን ነገር በአጭሩ እናልፋለን። ይህ የፍሪታውን ልጅ ከቆሻሻ በለቀመው ዕቃ ባትሪና የራዲዮ ማሰራጫ ሠርቶ በ2012 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተጠራ። የጠራው የአገሩ ልጅ ዴቪድ ሰንጌህ ሲሆን፥ ያን ጊዜ ገና በማሳቹሴትስ የሚማር ተማሪ ነበር። ሀብትም ሥልጣንም አልነበረውም፤ የሚሠሩ ወጣቶች በውድድር እንዲታዩ ግን መንገድ አበጀ። እርሱም በኋላ የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ።

በአገራችን ድኻ ተማሪን ማገዝ ባዕድ ትምህርት አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በደጅ ሲቆም፥ ማን ነህ፥ የማን ልጅ ነህ ሳይባል ቁራሽ ይሰጠው ነበር። እርሱም እየለመነ ዜማውን፥ ቅኔውን ይማራል። ቅኔ ለሚቈጥር ልጅ ይህን ያህል የራራ አገር ብረት ለሚቀጠቅጠው ግን ቡዳ የሚል ስም አወጣለት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። የብረት ተማሪ በአኩፋዳው ምን ይለምን? ካቻቢቴ ቢለምን ማን ይሰጠዋል?

ይህ ጸሐፊም ራሱን ከወቀሳ አያወጣም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን እናቱ እንጨት ሸጣ የምታስተምረው አንድ ጓደኛ ነበረን። የመምህራችንን ሰዓት፥ የጐረቤቱን ፋኖስ፥ የተሰበረውን ቍልፍ ሁሉ ይጠግን ነበር። በሰባተኛ ክፍል ደብተር መግዣ አጥቶ ቀረ። ማንም ጠርቶ አልጠየቀው፤ እኔም ቤቱ ከቤታችን የግማሽ ሰዓት መንገድ ሳለ አንድ ቀን ስንኳ አልሄድሁም። ዛሬ በመዝገብ ቤት ተቀምጬ የሰው አቤቱታ ስገለብጥ፥ ስሙን ከሚቈጠሩት ከሳሾችና ተከሳሾች መካከል እንዳላገኘው እየፈራሁ አነባለሁ።

ስለዚህ እመቤቴ፥ የጠየቁንን እንመልስልዎ። ልጁ ሳያስፈቅድ ስለ ወሰደ ይገሠጽ፤ ግሣጼው ግን ስለ መውሰዱ እንጂ ስለ መፍታቱ አይሁን። ከግድግዳው ኤሌክትሪክ እንዲርቅ ያስጠንቅቁት፤ እርሱ 220 ቮልት ስለ ሆነ ይገድላል። በ12 ቮልት ባትሪ ግን ሊማር ይችላል። ከዕቃ ቤቱ አንድ ማዕዘን፥ አንድ ካቻቢቴ፥ አንድ ሣጥን ይስጡት፤ ለቁራሌው የሚሸጠውን ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ እርሱ ይየው። የትምህርቱን ክፍያ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ለትምህርት ቤቱ ይክፈሉ እንጂ በየወሩ በልጁ እጅ አይላኩ፤ በአባቱ ቤት ችግር ቢገባ መጀመሪያ የሚወጣው ይህ ገንዘብ ነውና። እንግዳ በመጣ ቍጥር ጠርተው እንዲያሳይ አያድርጉት፤ ጭብጨባ ብቻ የተሰጠው ልጅ ጭብጨባውን ይለምዳል። አዲስ ነገር የሠራ እንደ ሆነም በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 123 ለአነስተኛ ፈጠራ ጭምር የምስክር ወረቀት እንደሚሰጥ አይርሱ፤ ወረቀቱም በልጁ ስም ይጻፍ።

አባቱን ስለ ማሰናበት ያሉትን እንዳላነበብን እንቈጥረዋለን። የራዲዮው ዋጋ ግን ከደመወዙ ተቈርጦ እንደ ሆነ፥ ራዲዮው ዛሬ ይናገራልና፥ በዚህ ወር መጨረሻ እንዲመለስለት እንለምናለን።