ስምና ውል

የነጋዴ ሀብት በመጋዘን የተከመረው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ መልካም ስሙም ሀብቱ ነው። የይርጋ ጨፌ፥ የሐረርና የሲዳሞ ቡና ነገር ለዚህ ምስክር ይሆናል።

የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 እነዚህ ሦስት ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አመለከተ። የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። በ2006 ይርጋ ጨፌ ሲመዘገብ፥ የሐረርና የሲዳሞ ጥያቄ በመጀመሪያ ተቀባይነት አጣ። ሆኖም በ2007 ስታርባክስ የተባለው ኩባንያ፥ ስሞቹ ቢመዘገቡም ባይመዘገቡም የኢትዮጵያ ባለቤትነት የታወቀበትን ስምምነት ፈረመ።

መንግሥት በስሞቹ ለሚጠቀሙ ፈቃድ ሲሰጥ ክፍያ አልጠየቀም። ስሙ በዓለም ሲታወቅ ፈላጊው ይበዛል፥ የገበሬውም ድርሻ ይሻሻላል ብሎ አስቧልና። ይህ አርቆ የማሰብ ሥራ ነው።

ነገር ግን በውጭ አገር የተፈረመ ወረቀት ብቻውን ገበሬውን አይጠቅምም። ከገበሬው እስከ ላኪው ያለው ውልም ሊከበር ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 ውልን በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ያደርገዋል፤ በቁጥር 1732 ደግሞ በቅን ልቡና እንዲተረጐም ያዝዛል። እንግዲህ ተራውን ቡና ቀላቅሎ በይርጋ ጨፌ ስም የሚሸጥ፥ በሚዛንም ገበሬውን የሚያታልል ነጋዴ፥ ያጐደለው የአንድ ሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የብዙዎችን ስም ነው። ገንዘብ ቢጠፋ በሥራ ይተካል፤ የጐደፈ ስም ግን በቀላሉ አይታደስምና ነጋዴዎቻችን ይህን ያስቡበት እንላለን።